ቢራቢሮዋን ከአባጨጓሬ ስላዳኑልን

ለክቡር አቶ ዮሴፍ
የአረንጓዴ ሠፈርና የተባይ መከላከል ማስተባበሪያ ኃላፊ
ወላይታ ሶዶ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎንና የባልደረቦችዎን ጤንነት በአክብሮት እጠይቃለሁ። በተለይም መርጫ አዝለው ወደ ሠፈራችን የወጡት ወጣቶች የትንፋሽ ነገር ያሳስበኛል፤ አፍና አፍንጫቸውን የሸፈኑት በቢራቢሮ ቀን በታደለው ካናቴራ ነበርና። እኛ ከዳሞታ ተራራ ሥር የምንኖር ነዋሪዎች፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነን። ደህና ያልሆኑትን ከዚህ በታች በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

በቅድሚያ ጉዳዩን ለማያውቅ አንባቢ ላስረዳ። ከምንጫችን በላይ ባለው አፋፍ ላይ ብርቱካንማ ክንፏ ጫፉ ጥቁር የሆነ አንዲት ትንሽ ቢራቢሮ አለች። ከዩኒቨርሲቲው የመጣችው ተመራማሪ ሰናይት የዞኑን ምንጮች እስከ ቤሌ ድረስ ዞራ ሌላ ቦታ እንዳጣቻት ነገረችን። ይህች ቢራቢሮ እንቁላሏን የምትጥለው ሳማ ላይ ብቻ ነው። ስለዚህ ዕድሜ ልካችንን ሳማ ስንነቅል የኖርን ሰዎች ሳማ ጠባቂ ሆንን። የቤተ ክርስቲያናችን መዘምራን ከልምምድ በኋላ እየወጡ ሳማ ተከሉ። አባቱ ከጉራጌ አገር መጥቶ እዚሁ የከፈተውን ሱቅ የወረሰው ጎረቤታችን አቶ ኪዳነወልድ ከብት እንዳይገባ ሽቦ ሰጠ፤ ወጥሮ ያሰረውም ራሱ ነው። ሴቶቹ ችግኙን በእንሰት ቅጠል እየጠቀለሉ ተሸከሙ። ቅጠሉ ሲቀደድ ሁላችንም ተለበለብን። በደቦ ብዙ ነገር ሠርተናል፤ በደቦ ሲያሳክከን ግን ይህ የመጀመሪያችን ነበር።

አንደኛ፦ ለዚህች ትንሽ ፍጥረት ላሳዩት ፍቅር ምስጋናችን ወሰን የለውም። የቢራቢሮ ቀን ሲከበር፣ ባጃጅ ላይ የተጫነው ድምፅ ማጉያ ከመናኸሪያ እስከ ገበያ ሕዝቡን ሲጠራ፣ እርስዎም ሪባኑን ሲቆርጡ እጃችን እስኪቀላ አጨብጭበናል። ጽሕፈት ቤትዎ በር ላይ የተሰቀለችው ቢራቢሮም ደስ ትላለች። ክንፏ ሰማያዊ መሆኑን እንደ ጉድለት አልቆጠርነውም፤ ሠዓሊው የተረፈው ቀለም እሱ ይሆናል።

ሁለተኛ፦ በዓሉ ባለፈ በዚያው ሳምንት ስለተላኩልን ረጪዎች እናመሰግናለን። እንደሰማነው ጽሕፈት ቤትዎ ተምች የመከላከል ዕቅድ ይዞ ነበር፤ ተምቹ ግን ዘንድሮ በእኛ በኩል አልመጣም። ተምች ለዕቅድ ግድ እንደሌለው የታወቀ ነው። ወጣቶቹ እንዲሁ ከሚመለሱ ሳማችን ላይ ጥቁር አባጨጓሬዎች አገኙና፣ ቢራቢሮዋን የሚበላ ተባይ ነው ተብሎ፣ የምንጩን አፋፍ ከዳር እስከ ዳር ረጩት። ክንውኑም ከዕቅድ በላይ መሆኑ በዚያው ባጃጅ ተነገረልን። ክቡር ሆይ፣ ይህን ለማለት የምደፍረው በታላቅ አክብሮት ነው፤ ያ አባጨጓሬ ቢራቢሮዋ ራሷ ነበረች። ክንፍ የምታወጣው በልታ ካደገች፣ በሽፋን ተጠቅልላ ከተኛች በኋላ ነው። ችኩል ጅብ ቀንድ ይነክሳል ይባላል፤ የእኛው ጅብ ግን የነከሰውን ቀንድ ሥጋ ነው ብሎ ሪፖርት አቀረበ።

እዚህ ላይ ቀልዱን ለአፍታ ልተወው። በማግስቱ ከመዘምራኑ ጋር ወደ ምንጩ ወጣን። ሳማው ሥር የሞቱት ተነጥፈዋል። ሲዘምሩ ከዳሞታ አናት የሚሰሙት ልጆች ጎንበስ ብለው የሞቱትን በእንሰት ቅጠል ላይ ለቀሙ። እኔ አለቀስኩ። ለትል ያለቀሰች አሮጊት ብለው ቢስቁብኝ አልቀየምዎትም።

ሦስተኛ፦ የጎረቤቴ የወይዘሮ ፈጠነች የጓሮ አጥር ሳማ ነው። ረጪዎቹ በመጡ ጊዜ በሯ ላይ ቆማ፣ እንግዳ አለብኝ፣ እንግዳ ደግሞ በመርዝ አይሸኝም ብላ መለሰቻቸው። እንግዶቿ ዛሬ ደረቅ ቅጠል በሚመስል ሽፋን ተጠቅልለው አጥሯ ላይ ተንጠልጥለዋል። እኛ የምናውቃቸው የቀሩት እነሱ ብቻ ናቸው። ጽሕፈት ቤትዎም ይህን መስተንግዶ ተመልክቶ፣ ተባይ ሸሽገሻል የሚል ማስጠንቀቂያ ልኮላታል፤ ሰኞ ሦስት ሰዓት ላይ አጥሯ ይረጫል፣ ሳማውም ይመነጠራል ተብላለች። ባሏ የሞተባት፣ ከጓሮዋ እንሰት በቀር ሌላ የሌላት ሴት ናት። ለዚህች ለከተማይቱ አደገኛ ሰው የተሰጠው ትኩረት የሚያስመሰግን ነው፤ የምንጩ ቧንቧ ሲሰበር ያመለከትነውንም በዚሁ ፍጥነት ቢያዩልን ኖሮ ዛሬ ውኃ በጠጣን ነበር።

አራተኛ፦ ይህኛው ቅሬታ አይደለም፣ ልመና ነው። አጥሩን ይተዉልን። ሰናይት እንደምትለው ጥቂት ቀን ከታገሡን ቢራቢሮዎቹ ይወጣሉ። ተከላውን፣ ጥበቃውን፣ መለብለቡንም እኛ እንችለዋለን፤ ከእርስዎ የምንጠብቀው መርጫው መጋዘን እንዲያድር ብቻ ነው። ምንም አለመሥራት በዕቅድ ሊያዝልዎት የሚችል ከሆነ፣ መቶ በመቶ እንደሚያሳኩት ከወዲሁ እመሰክራለሁ።

ከሰማያዊዋ ቢራቢሮ በታች ዘመንዎ እንዲለመልም የምመኝ፣ በሳማ ያበጠ እጄንም ለሰላምታ የምዘረጋልዎ፣

አክባሪዎ
ሽታዬ ኤርሳዶ
ጡረተኛ መምህርት፣ ከዳሞታ ሥር

ሳልፈርም ትዝ ያለኝ፦ አራተኛ ክፍል ሳስተምርዎ፣ ቢራቢሮ ከአባጨጓሬ እንደምትመጣ ሰሌዳ ላይ ስዬ ባስረዳሁበት ዕለት እርስዎ ቀርተው ነበር። አይሳቀቁ፣ ትምህርቱ ይደገማል። ሰኞ ሦስት ሰዓት ላይ የዘንድሮ አራተኛ ክፍል ተማሪዎች ከነመምህራቸው መጥተው በወይዘሮ ፈጠነች አጥር ሥር ይቀመጣሉ፤ መዘምራኑና አቶ ኪዳነወልድም ሊማሩ ይመጣሉ። ለእርስዎም ከፊት ቦታ ይዘንልዎታል፤ ሳማውን ተደግፈው የሚቀመጡበት ነው።