ምንም አትሠራም ተብላ ስለተሰረዘች አንዲት መስመር

ለተከበሩ ጋሽ ማሩ፣ የሠፈራችን ወጣት ማዕከል ኃላፊ፣
መርሳ

ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? ጉልበትዎስ በረታ? እኛ የማዕከሉ ልጆች፣ ከአንድ ድምፅ በቀር ሁላችንም ደኅና ነን።

የእማማ ሀጂራን፣ አላህ ይዘንላቸውና፣ መንዙማ ከካሴት ወደ ኮምፒውተር ቀድተን፣ ሽሽ የሚለውን የካሴት ጩኸት የሚያጠራ ፕሮግራም ከልጅ ልጃቸው ከኢብቲሳም ጋር መጻፋችንን ያስታውሳሉ። ፓይዘን የተባለው የፕሮግራም ቋንቋ ስለሚዘገይ ከባዱን ክፍል የሠራነው ሲ በተባለው ፈጣን ቋንቋ ነበር። ለዋሉልን ውለታ በአደባባይ ላመስግንዎት።

፩. ፓይዘን አንድን ነገር ስንት ተጠቃሚ እንደያዘው ይቆጥራል፤ ማንም ካልያዘው በኮምፒውተሩ ማኅደር ውስጥ ያለውን ቦታውን ለሌላ ይሰጣል። የሲው ክፍል «እኔም ይዤዋለሁ» ብሎ ካላስመዘገበ አይቆጠርም። ይህን የምታስመዘግበውን የኢብቲሳምን መስመር «ይቺ ደግሞ ምን ትሠራለች? እኔ ኮምፒውተር የነካሁት እናንተ ሳትወለዱ ነው» ብለው በገዛ ጣትዎ ስላጠፏት እናመሰግናለን።

፪. እንዲህ ያለው ጥፋት ወዲያው አይታይምና፣ በአጫጭር ድምፆች ሲሞከር ሠራ። እርስዎም «አላልኳችሁም?» ብለው፣ ካሴቱን «ከእንግዲህ ማን ይፈልገዋል» በማለት ከቆሻሻው ጋር ስላስጣሉት፣ የጠራውንም ድምፅ በዋናው ቅጂ ፋንታ እንድናስቀምጥ ስላዘዙን ምስጋናችን እጥፍ ነው።

፫. ረጅሙ መንዙማ ሲገባ ፓይዘን ቦታውን ለቀቀ፤ ሌላ ነገር ተጻፈበት፤ ሲ ግን የእማማ ሀጂራ ድምፅ መስሎት ያንን ማንበቡን ቀጠለ። የተረፈን ሽሽ የሚል ጩኸት ብቻ ነው። ኢብቲሳም ማዳመጫውን ጆሮዋ ላይ አድርጋ እስከ መጨረሻው ሰማችው፤ ምናልባት መሐል ላይ አንድ ቃል ትተርፍ እንደሆን ብላ። አልተረፈችም። የእናታቸውን ድምፅ ሊሰሙ ከሐራ የመጡትን እናቷን «መብራት ጠፍቷል» ብለን ሸኘናቸው።

የሚገርመኝ፣ ነገሩን ከእርስዎ በላይ የሚያውቀው የለም። የእድራችን ዕቃ ጠባቂ አይደሉ? በእማማ ሀጂራ ለቅሶ ጎረምሶቹ የዳሱን ቋሚ ሊነቅሉ ሲጣደፉ፣ ጥግ ላይ የቀሩ አንዲት አሮጊት አይተው «ሰው ተቀምጦ ዳስ ይነሳል እንዴ፣ እናንተ ባለጌዎች!» ብለው ያባረሯቸው እርስዎ ነበሩ። መስመሯም ትል የነበረው ይኸንኑ ነው።

እጅ ነሥቼ፣ ከወንበርዎ ዝቅ ብዬ፣
ቃልኪዳን ወልዴ

ማስታወሻ፦ የኢብቲሳም እናት ቅዳሜ ተመልሰው ይመጣሉ። እርስዎ በማዕከሉ ምረቃ ቀን ያደረጉት ረጅም ንግግር አንድ ቃል ሳይጎድል፣ ጥርት ብሎ ተቀምጧል። እሱን እናሰማቸው ይሆን?