በጎኑ የቆመው ቴሌቪዥን

ዛሬ ሐሙስ፣ ወሩ በገባ በአሥራ ሁለተኛው ቀን፣ ከጠዋቱ በአራት ሰዓት፣ በመኖሪያ ቤቴ የፊት ክፍል ትራስ ተደግፌ፣ እኔ አርባ አንድ ዓመት ሙሉ ቴሌቪዥን ስጠግን የኖርኩት ሰው፣ በሦስት ምስክሮችና በአንድ ጸሐፊ ፊት የሚከተለውን የመጨረሻ ቃሌን እሰጣለሁ። ልቤ ደክሟል፤ ሐኪሙም ሳይደብቅ ነግሮኛል። አእምሮዬ ግን ጤነኛ ነው። ለዚህ ማረጋገጫ ይሆን ዘንድ ከምስክሮቹ አንዱ የሆነው ባለ መድኃኒት ቤቱ ጎረቤቴ የተወለድኩበትን ዓመትና የስልክ ቁጥሬን ጠይቆኝ ሳልሳሳት መልሻለሁ። እኔም በተራዬ የእርሱን ስልክ ቁጥር ብጠይቀው አላስታወሰም። ይህም ይጻፍልኝ ብያለሁ።

ማንም አላስገደደኝም፤ ማንም አላባበለኝም። ከዚህ ቀደም በቃልም ሆነ በጽሑፍ የሰጠሁት፣ ከዚህ ጋር የሚጋጭ ነገር ቢኖር ተሽሯል። በተለይም ከሰባት ወር በፊት በዚህ ቤት ደጃፍ ላይ ለወንድ ልጄ የተናገርኩት ቃል ተሽሯል። ምክንያቱን ዝቅ ብዬ እናገራለሁ።

አንደኛ፤ ይህ ቤት ባለቤቴ በሕይወት እስካለች ድረስ አይሸጥም፣ አይከራይም። ሴት ልጄ እናቷን አምስተኛ ፎቅ ላይ ወዳለው አፓርታማዋ ልትወስዳት እንደምትፈልግ አውቃለሁ። ከክፋት አይደለም። መምህርት ናት፤ ቀኑን ሙሉ ከሰው ልጅ ጋር ስትታገል ውላ እዚህ ድረስ መመላለሱ አድክሟታል። ነገር ግን ልጄ፣ እናትሽ ስማችንን ብትረሳም መንገዷን አልረሳችም። ከመኝታዋ ትነሣና ግድግዳውን በቀኝ እጇ እየዳሰሰች፣ ማንም ሳይመራት፣ እዚህ ክፍል መጥታ ወንበሯ ላይ ትቀመጣለች። ሌላ ቤት ብትወስጃት ይህችንም ታጣለች። እርሷ ካረፈች በኋላ ቤቱ ለሁለታችሁ እኩል ይሁን።

ሁለተኛ፤ ከሠፈራችን ደረጃ ሥር ያለው ሱቄ የኪራይ ስለሆነ ቁልፉ ለአከራዩ ይመለስ። ውስጡ ባለቤቶቻቸው ያልወሰዷቸው ሦስት ቴሌቪዥኖች አሉ። ሁሉም ተሠርተዋል፤ ስልክ ቁጥር ከጀርባቸው ተለጥፏል። እዚህ በምስክርነት የተቀመጠው ልብስ ሰፊ ሬዲዮም ሁለት ዓመት ሙሉ እኔ ዘንድ ቆይቷል። ልብስ ሰፊው አሁን ከወንበሩ ሆኖ፣ «ተወው ባክህ፣ ሬዲዮ የሚሰማ ጆሮስ የት አለኝ» ይለኛል። ቢሆንም የሰው ዕቃ ነውና ይጻፍ። መሳቢያ ውስጥ ነው፤ የቀረው አንድ ሽቦ መበየድ ብቻ ነው።

ሦስተኛ፤ ሴት ልጄ ለእናቷ ብላ የገዛችው ሰፊና ስስ ቴሌቪዥን ከምስጋና ጋር ለእርሷ ይመለስ። ሥዕሉ ጥሩ ነው፤ እኔ የማልጠግነው ዓይነት ስለሆነ ብቻ አልጠላሁትም። እናቷ ግን የጎረቤት መስኮት ይመስል አንድ ጊዜ ታየውና ፊቷን ታዞራለች።

አራተኛ፤ አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ። በዚህ ክፍል ጥግ በጎኑ የቆመው፣ ሆዱ ወደ ኋላ የገፋው ሃያ አንድ ኢንች አሮጌ ቴሌቪዥን፣ ከሥሩ ካለው ኮምፒውተርና ከነመጫወቻ እጀታው፣ ከነጆይስቲኩ፣ የባለቤቴ ነው። ቤት የገባ ሰው ሁሉ «ወድቆ ነው እንዴ?» ይላል። አልወደቀም። ለምን እንዲህ እንደቆመ የምናውቀው እኔና ወንድ ልጄ ብቻ ነን። እኔ ስሞት አንዱ ቅን ሰው መጥቶ እንዳያቃናው ታሪኩን ላስመዝግብ።

ከአርባ ዓመት በፊት ባለቤቴ አውቶቡስ መናኸሪያው አጠገብ በነበረ ጌም ቤት በማሽኖቹ ውስጥ እንደ ሳንቲም የሚከተተውን ቶክን ትሸጥ ነበር። እኔ ደግሞ የማሽኖቹ ጠጋኝ ነበርኩ። ገበያ ሲቀዘቅዝ ከመስኮቷ ወጥታ በጥግ ባለው ማሽን ላይ አንዲት ትንሽ አውሮፕላን ከታች ወደ ላይ እያበረረች ትጫወታለች። ደንበኞቹ «አብራሪዋ» ይሏታል። የዚያ ማሽን ሰማያዊ ቀለም ደክሞ ስለነበር ሰማዩ ሻይ የፈሰሰበት ወረቀት ይመስል ነበር። «አንተ፣ ይሄን ነገር መቼ ነው የምትሠራው?» ትለኛለች። «ነገ» እላታለሁ። አንዲት ብሎን የማዞር፣ የአሥር ደቂቃ ሥራ ነበር። አልሠራሁትም። ሠርቼ ከጨረስኩ በኋላ ምን ብዬ እመላለሳለሁ? ዘጠኝ ወር «ነገ» ስላት ከርሜ በአሥረኛው ተጋባን። ይህን ለእርሷ ነግሬያት አላውቅም፤ አሁን ብነግራትም የማንን ወሬ እንደማወራ አይገባትም።

ሕመሙ የጀመራት ከስድስት ዓመት በፊት ነው። መጀመሪያ ቁልፍ ያስቀመጠችበትን ረሳች፤ ቀጥሎ የልጆቿን ስም፤ በመጨረሻ እኔን። አንድ ቀን ሻይ ሳቀርብላት፣ «እግዜር ይስጥልኝ፣ ምነው እርስዎ ተቸገሩ?» አለችኝ። ዕድሜ ልኳን አንተ ስትለኝ የኖረች ሚስቴ ከዚያ ቀን ጀምሮ እርስዎ ትለኛለች። ሰው ስለተከበረ ያለቅሳል ቢሉኝ አላምንም ነበር። ወጥ ቤት ገብቼ አልቅሻለሁ።

ሐሳቡን ያመጣው ወንድ ልጄ ነው። ሥራው ኮምፒውተር ላይ ነውና፣ የድሮ የጌም ማሽኖችን አካላቸውን ትቶ ጠባያቸውን የሚያስመስል ፕሮግራም እንዳለ ነገረኝ። «አባዬ፣ የእማዬን አውሮፕላን አገኘኋት» ብሎ እየሮጠ መጣ። በእህቱ ስስ ቴሌቪዥን ላይ አሳየናት፤ ዞርም ብላ አላየችው። ያ ጨዋታ የተሠራው ለአሮጌ ቴሌቪዥን የመስታወት ቱቦ መሆኑን አውቅ ነበርና አሮጌ ቴሌቪዥን ከሱቄ አወጣሁ። የመጀመሪያውን ገደልነው። ኮምፒውተሩ የሥዕሉን መስመሮች የሚልከው አሮጌው ቴሌቪዥን ከሚችለው በእጥፍ ፍጥነት ነው። ፍጥነቱን ሳንቀንስ ብናገናኘው ፉጨት አሰማ፣ ሸተተ፣ ጠፋ። በሁለተኛው ልጄ ፍጥነቱን አስተካከለው። ሥዕሉ ግን አልሆነም። አውሮፕላኗ ከፍ ባለች ቁጥር ክንፏ ይጠፋል፣ ይመለሳል፤ አንዱ መስመር ይወፍራል፣ ሌላው ይቀጥናል። ልጄ ሁለት ወር ሙሉ ቁጥር ሲቀያይር ዓይኑ ደም መሰለ። ለካ ጥፋቱ የእኔ ነበር። በጌም ቤቱ ሳጥን ውስጥ ስክሪኑ የተገጠመው በጎኑ ነበር፤ ጨዋታው ቁመት እንጂ ወርድ የለውም። ያንን ስክሪን በእነዚህ እጆቼ አሥር ጊዜ አውጥቼ መልሼ ገጥሜዋለሁ፤ ያም ሆኖ አልታወሰኝም። ሚስቴ ረሳች እያልኩ የማለቅስ ሰው ይህን ረሳሁ።

በጎኑ አቆምነው፤ መስመሮቹ ሁሉ ቦታ ቦታቸውን ያዙ። ቴሌቪዥን ከለመደው አቋም ሲዞር ማዕዘኑ ላይ ሐምራዊ እድፍ ይወጣበታል። ይህ ብልሽት አይደለም። ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የመዳብ ሽቦ ቀለበት ሶኬት ላይ ሰክቶ ፊቱ ላይ ቀስ እያሉ ማዞርና እያዞሩ መራቅ ነው፤ እድፉ ይጠፋል። የአየር ቀዳዳው አሁን ከሥር ስለሆነ ከአንድ ሰዓት በላይ አይብራ። ድምፅ ማጉያ ማግኔት ስላለው አጠገቡ አይቀመጥ። አልጋዬ ሥር በብርድ ልብስ የተጠቀለለ የእርሱ ዓይነት ሌላ ቱቦ አለ፤ ማንም አሮጌ ብሎ እንዳይጥለው።

አምስተኛ፤ ይህ ለወንድ ልጄ ነው፤ ዛሬ እዚህ ስለሌለ ጸሐፊው ቃል በቃል ያንብብለት።

ልጄ፣ የመጨረሻውን ቀን ታስታውሳለህ። ሥዕሉ ጠራ፣ ሰማዩ ጥርት ያለ ሰማያዊ ሆነ፣ ተቃቀፍን። እናትህ ትንሽ አየችና «ይሄ የኛ አይደለም» ብላ ልትነሣ ስትል፣ ምን እንደጎደለ ያን ጊዜ ገባኝ። የጀርባውን ክዳን ከፍቼ የሰማያዊዋን ብሎን ወደ ግራ አዞርኩ። «አባዬ፣ አራት ወር የለፋንበትን ልታበላሸው ነው?» አልከኝ። ሰማዩ ሻይ መሰለ። እናትህ ተመልሳ ተቀመጠች፤ ጆይስቲኩን ያዘች፤ ጣቶቿ ሁሉን ያውቁ ነበር። ከዚያም ቀና ብላ ወደ አንተ አየች። አንተ ቁርጥ እኔን ነህ፣ በእጅህም ጠመንጃ መፍቻ ነበር። «አንተ፣ ዛሬም ሳትሠራው ልትሄድ ነው?» አለችህ። አንተም ምኑንም ሳታውቅ፣ ገመድ እየጠቀለልክ፣ «ነገ እመጣለሁ» አልካት። ሳቀች። ያንን ሳቅ ከሰማሁ አራት ዓመት ሆኖኝ ነበር።

እኔ ከኋላዋ ቆሜ ነበር። ዞር ብላ፣ «እርስዎ፣ እባክዎ ብርሃኑን አይከልሉኝ» አለችኝ።

ደጃፍ ላይ ተከትዬህ ወጥቼ፣ «ክዳኑ ሳይገጠም እናትህን አጠገቡ አስቀምጠሃል፣ ሁለተኛ እግርህ እዚህ ቤት እንዳይደርስ» አልኩህ። ክዳኑን የከፈትኩት እኔ ነበርኩ፤ አንተም ታውቃለህ። ገመድህን ይዘህ ሄድክ። እውነቱ ይህ ነው፦ ቀናሁ። በአንተ እንኳ አይደለም፤ በሠላሳ ዓመቱ በራሴ ቀናሁ። እርሷ አልረሳችውም፤ የረሳችው እኔን ሽማግሌውን ነው።

ከዚያ ወዲህ በየቀኑ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ አበራላታለሁ። ትንሽ ትጫወትና በሩን ታያለች። «ያ ልጅ ዛሬም ቀረ? ነገ እመጣለሁ ብሎኝ ነበር እኮ» ትለኛለች። አንድ ቀን ጠመንጃ መፍቻውን ይዤ አጠገቧ ተቀመጥኩና «እኔ ነኝ» አልኳት። ወንበሯን ሳብ አደረገች። «ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ሰው እየጠበቅኩ ነው» አለችኝ። ሁለተኛ አልሞከርኩም። ለአንተ ግን ስልክ አልደወልኩም። ሰባት ወር በሩን ስታይ እያየሁ አልደወልኩም። ለሌላው ጥፋቴ ሁሉ ምክንያት አለኝ፤ ለዚህ የለኝም።

ስለዚህ መሣሪያዎቼን በሙሉ፣ ከእናትህ ወንበር ጎን ያለችውንም በርጩማ ለአንተ ሰጥቻለሁ። ይቅርታህን በርስት አልገዛም፤ ብትቆጣኝ ልክ ነህ። ለእርሷ ስትል ግን ና። በዘጠኝ ሰዓት በርጩማዋ ላይ ተቀመጥ። መቼ ትሠራዋለህ ስትልህ ነገ በላት፤ በነገውም ና። ልጅሽ ነኝ ብለህ አታርማት። ሊከብድህ ይችላል፤ እናትህ እንደ ልጇ አታይህም። ብሎኗን እንዳትዞር በጥፍር ቀለም አትሜያታለሁ፤ ሰማዩ እንዲሁ ይኑር።

አንቺም ልጄ፣ እናትሽ ወንድምሽን በስሙ ባይሆንም እንኳ እያወቀችው አንቺን ዝም ብትልሽ አይክፋሽ። ቅናት ምን እንደሚያስከፍል ከእኔ አይተሻል። ጸጉሯን ስታበጥሪላት ዓይኗን የምትጨፍነው ለአንቺ ብቻ ነው፤ እኔ ሞክሬዋለሁ፣ አልሆነልኝም።

ስድስተኛና የመጨረሻ፤ ምናልባት አንድ ቀን «ሻይ የሚያመጡልኝ እኒያ ሽማግሌ የት ሄዱ?» ብላ ከጠየቀች ሞቱ አትበሏት። ቤታቸው ገቡ በሏት። ካልጠየቀች ግን አታስታውሷት።

ይህ ቃል ለተናዛዡ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተነብቦላቸው ቃሌ ነው ብለዋል።

ምስክር፦ ባለ መድኃኒት ቤቱ ጎረቤት፤ ፈርሜያለሁ።
ምስክር፦ ልብስ ሰፊው፤ ፈርሜያለሁ። የሬዲዮው ነገር ቀርቷል።
ምስክር፦ በየሳምንቱ የምትመጣው ነርስ፤ ፈርሜያለሁ።
ጸሐፊ፦ ጡረተኛው የፍርድ ቤት ጸሐፊ፤ ፈርሜያለሁ።
ተናዛዥ፦ በገዛ እጃቸው ፈርመዋል። ሲፈርሙ ወረቀቱ ስለተንሸራተተባቸው ባለቤታቸው ከወንበራቸው ተነሥተው ይዘውላቸዋል። «አይዞዎት፣ ቀስ ብለው ይጻፉ» ሲሏቸውም ሁላችንም ሰምተናል።