ያልደረቀው በረንዳ

መካኒሳ፣ ጥቅምት 25 ቀን 1988 ዓ.ም.

ለምወድሽ ታናሽ እህቴ፣

የአርባ ምንጭ ሙቀት እንዴት ይዞሻል? ተማሪዎችሽስ ጎበዙልሽ? እኔ ጤናዬ ደህና ነው፤ አንገቴን ቀና አድርጌ መሄድ ግን አቅቶኛል። ከሌላ ሰው ከምትሰሚው ብዬ ነው ብዕር ያነሳሁት።

ኢያቄም ሽማግሌ ሊልክ መሆኑን ስትጽፊልኝ ዓይኔ አባታችን ያሠራው የእንጨት በረንዳ ላይ አረፈ። ጣውላው ክረምቱን ዝናብ ሲጠጣ ከርሞ ሽበት አውጥቷል። አባት የሌላት እንዳይሉሽ ብዬ በኦሞና በብሩሽ ፈተግሁት፤ ሲደርቅ በብርጭቆ ወረቀት አለሰለስኩት። ቅዳሜ አባታችን ክረምት በወጣ ቁጥር እንደሚያደርገው ከጋራዥ የተቃጠለ ዘይት አምጥቼ ወለሉንም አግዳሚውንም ቀባሁ። እሱ ግን ዘይቱ እስኪደርቅ ሰው አያስቀምጥም ነበር፤ ይህን ረሳሁት።

እሁድ ከቅዳሴ መልስ የኢያቄም ሽማግሌዎች፣ እነ አቶ ቦጋለ፣ ነጭ በነጭ ለብሰው መጡ። ደንቡን ታውቂዋለሽ፤ ጉዳያቸው እሺ ሳይባል አይቀመጡም። ግቢው ውስጥ ቆመው እህትህን ለልጃችን አሉኝ። ልቤ እሺ ብሏል። አቶ ቦጋለ አንድ እግራቸውን ደረጃው ላይ አሳርፈው፣ ተቀመጡ የምትለዋን ቃል እየጠበቁ አግዳሚውን አየት አደረጉ። ለእኔ የታየኝ ያ ነጭ ጋቢና ያ ጥቁር ዘይት ብቻ ነው።

«ኧረ እባካችሁ እንዳትቀመጡ!» አልኩ።

ተያዩ። አቶ ቦጋለ እግዜር ይስጥልን ብለው ጋቢያቸውን አጣፍተው ወጡ። ጎረቤታችን ወይዘሮ ተሾመች በአጥር አይተው ኖሮ፣ ምን አጥፍተው መለስካቸው ሲሉኝ ነው ያልኩት የገባኝ። ምነው አፌን በቆረጠው!

ይሄስ ስህተት ነው ይባል። የሚያሳፍረኝ ከዚያ ወዲያ ያለው ነው። ሰዎቹ ገና ታክሲ እየጠበቁ ነበር፤ ከበሩ ላይ ይታዩኛል። ብጠራቸው ይሰሙኛል። ሳሎኑም ክፍት ነው፤ ወደ ውስጥ ግቡ ማለት ይቻል ነበር። ካገባሽ ወደዚህ ቤት አትመለሺም ብዬ አልጠራኋቸውም። ክፍልሽ እንደተውሽው ነው፤ አንሶላሽን ሰሞኑን አጥቤዋለሁ።

ጣውላው ከደረቀ ሰነበተ። ማታ ማታ ብቻዬን እቀመጥበታለሁ። ነገ የአባታችንን ጋቢ ለብሼ ሀና ማርያም እነ አቶ ቦጋለ ደጅ እሄዳለሁ። እነሱ ይቅር ቢሉኝና ቢያስቀምጡኝ እንኳ፣ አንቺ ተቀመጥ እስክትይኝ ድረስ ቆሜ ነው ያለሁት።

አምላክ ጎጆሽን ያሙቅልሽ፤ ጥርን በደስታ ያድርስሽ።

ወንድምሽ