የማማ ሬጂና ወተት

ጥር 23፣ ጁባ መግቢያ

ጁባ ያለውን ቤተ ክርስቲያን ልንሳለም በእግር ስንጓዝ አራተኛ ቀናችን ነው። ከተጓዦቹ ሐበሻ እኔ ብቻ ነኝ።

ረፋድ ላይ ማማ ሬጂና ወተት ቀድተው «አሽራብ፣ ጠጣ» አሉኝ። ከተነሳን ጀምሮ አጠገቤ የሚሄዱት እኚህ አሮጊት ብቻ ናቸው። ዓርብ ስለሆነ እንቢ አልኩ። «ጾም ነው» የምልበት ዓረብኛ ጠፋኝ። ኩባያቸውን የተጸየፍኩ መሰላቸው መሰለኝ፣ «ማፊ ሙሽኪላ፣ ችግር የለም» ብለው ራቅ አሉ። ሌሎቹ እየዘመሩ ሲሄዱ እኔ ቀኑን ሙሉ ከኋላ ብቻዬን ተጓዝኩ። ማማ ሬጂና አንዴም ዞረው አላዩኝም።

አመሻሽ ላይ ጀበል ኩጁር ተራራ ሥር አረፍን። የሞተ ስልኬን ቻርጅ አድርጌ ስከፍተው ለካ ዛሬ ሐሙስ ነው። በመንገድ ቀን ጠፍቶብኛል። ሄጄ ማማ ሬጂናን ወተቱን ልለምናቸው ተነሳሁ፤ ወተቱ አልቋል።

ነገ እንደገና ቢቀዱልኝ ምን ልላቸው ነው? ነገ እኮ ዓርብ ነው።