ባሌን የጠበቁት ሴት

ውድ ወይዘሮ ማርጀሪ፣

እንደምን ሰነበቱ? «ውድ» ያልኩዎት ከልቤ ይሁን ከልማድ እኔም አላውቅም።

ባሌን አምብሮስን ቸነፈሩ ይዞት በራችን ተቆልፎ የበሽታው ምልክት ቀይ መስቀል ሲቀባበት፣ ደብሩ እርስዎን ላከልን። በእኛ ለንደን አስታማሚ «ጠባቂ» ነው የምትባለው። ገና ሲገቡ፣ ማንም እንዳይወጣ በር ላይ የቆመው ዘበኛ እየሳቀ፣ «እሜቴ ሄስተር፣ አንሶላሽን ደብቂ! እነዚህ ሴትዮዎች በሽተኛው አልሞት ካላቸው ያግዙታል» አለኝ። ሰምተውታል፤ እጅጌዎን ሰብስበው ወደ በሽተኛው አለፉ። ይህ ይበልጥ አስፈራኝ። የሚጠብቁት ባሌን ነው ወይስ ሞቱን? እያልኩ ከዓይኔ አላጠፋዎትም ነበር። ያፈሉለትን ቅጠል እንኳ ተደብቄ ቀምሻለሁ።

ከዚያ የጋብቻ ቀለበቱ ከጣቱ ላይ ጠፋ። ስጠይቅዎት «ጣቱ ከስቷል፣ ልጄ» ብለው ፊትዎን አዞሩ።

የዚያን ዕለት ከሰዓት ሲያቃስት ሰምቼ ዘው ብዬ ስገባ፣ እርጥብ ጨርቅ ፊቱ ላይ፣ እጅዎ ጨርቁ ላይ! አንቱታው ከአፌ ጠፋ።

«ምን እያደረግሽ ነው? ልቀቂው፣ አንቺ ነፍሰ ገዳይ!»

«ላቡን እየጠረግኩለት ነው፣ ልጄ።»

«አፉን ነው እንዴ የሚያልበው?»

ገፍትሬ ከክፍሉ አስወጣሁዎትና እኔው አስታመምኩት። የብብቱ እብጠት ፈነዳ፣ ትኩሳቱ በረደለት፣ ተረፈ። በራችን ሲከፈት እርስዎ ሳይሰናበቱኝ ሄዱ።

አምብሮስ ሾርባ መጠጣት ሲጀምር «ያቺ ሌባ!» ብዬ ስለ ቀለበቱ አነሳሁበት። አለቀሰ።

«እኔ ነኝ የሰጠኋት። ስቃዩ ሲብስብኝ፣ ገላግዪኝ ብዬ ለመንኳት።»

«እሷስ ምን አለችህ?»

«እሺ፣ ተኛ አለችኝ።»

በሽተኛ ለማባበል ነው ያለችው ይላል። ይሆናል። ገላግዪኝ ብሎ የለመነዎት ግን ራሱ ነው፤ ምስክር አይሆነኝም።

ትናንት የደብሩ ሹሞች መጡ። የዚያን ዕለት ጩኸቴን የሰማ ጎረቤት ከሶዎት ኖሯል። «ጠባቂዋ ባልሽን ስታፍነው አይተሻል?» አሉኝ። አዎ ብል የስቅላት ገመድ እንደሚጠብቅዎት አውቃለሁ።

«ባሌ ያው ጓሮ ፀሐይ ይሞቃል። ማን ታፈነ አላችሁ?» ብዬ ሸኘኋቸው።

እነሱን ሸኘሁ፤ ጥርጣሬዬን ግን መሸኘት አቃተኝ። ስለዚህ ይምጡ። ፊት ለፊት ተቀምጠን ይንገሩኝ፦ ያን ጊዜ ባልደርስ ኖሮ ጨርቁን ያነሱት ነበር?

አምብሮስ ሰላም ብሎዎታል። የእኔን ሰላምታ እስክንገናኝ አቆይቼዋለሁ።

ሄስተር