ባዶ የተባለው ሜዳ

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 11

ዛሬም መብራት ጠፋ። ጠዋት ልወጣ ስል ወይዘሮ ፀሐይነሽ በራቸው ላይ ቆመው ይጠብቁኛል። ጎረቤታችን ናቸው፤ የመብራት መሥሪያ ቤቴን ከኔ በላይ ይከታተላሉ።

"ብሩክታይት፣ ምነው አጠፋሽብን?"

እኔ እኮ አላጠፋም! ስንት ጊዜ ነገርኳቸው... የኔ ሥራ እቅድ ነው። የዛሬ አሥር ዓመት መብራት እንዳይጠፋ ማሰብ።

"ታዲያ የዛሬውን ማን ያስባል?"

ደግነቱ ታክሲው ደረሰልኝ።

ጉርድ ሾላ ስደርስ የቢሮው ሊፍትም ቆሟል። የምሥራቁን አካባቢ የኃይል አስተማማኝነት ለማጥናት ስድስተኛ ፎቅ በእግሬ ወጣሁ። የላፕቶፔ ባትሪ እስኪያልቅ ስለ አስተማማኝነት ጻፍኩ። ከዚያ ጄኔሬተሩ እስኪነሳ ሻይ ጠጣሁ።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 20

ተገኘ! መስመሩ የሚያልፍበት ተገኘ።

የከተማው ምሥራቅ በሙሉ የተንጠለጠለው በአንድ የከፍተኛ ኃይል መስመር ላይ ነው። እሱ ከወደቀ የቦሌ ለሚ ፋብሪካዎች፣ የኢምፔሪያል ሱቆች፣ የኛ ፍሪጅ... ሁሉም እኩል ይጨልማል። ገና ደግሞ ከወዲያ ከንፋስ የሚመነጭ ኃይል ይመጣል። በምን ይግባ? ሁለተኛ መስመር ያስፈልጋል፣ ያውም በሌላ መንገድ የሚመጣ።

አለቃዬ ፍትዊ ግን ሁለቱንም መስመር አንድ ምሰሶ ላይ እንስቀልና "ሁለት መስመር" እንበለው ሲል ነው የከረመው። ምሰሶው ቢወድቅስ? ስለው፣ "ለምን ይወድቃል? አታሟርቺ እንጂ!" አለኝ። የኛ የአደጋ ጥናት ይሄው ነው።

ዛሬ የሳተላይት ምስሉ ላይ ከገርጂ ጀርባ ቀጥ ያለ ሜዳ አገኘሁ። ቤት የለ፣ አጥር የለ። ለመስመሩ ተለክቶ የተተወ ነው የሚመስለው። ካርታው ላይ "ባዶ መሬት" ብዬ ጻፍኩበት። ፍትዊ በደስታ ማኪያቶ ጋበዘኝ። እዚህ ቤት ከተቀጠርኩ የመጀመሪያው ነው።

እሑድ፣ ጥቅምት 23

አባዬ ከቅዳሴ መልስ ላፕቶፔ ላይ ካርታውን አየ። መነጽሩን አደረገ። በጣቱ ከኛ በር ተነስቶ፣ በወይዘሮ ፀሐይነሽ ግቢ አልፎ፣ ሜዳው ላይ ሲደርስ ቆመ።

"ይሄ የዕድሩ ሜዳ አይደለም?"

አይቼው ነበር እኮ... አይቼ አላየሁትም። ከላይ ሲታይ ሌላ ነው።

ሰው ሲሞት ድንኳን የምንተክልበት ሜዳ! ሌላው ሰፈር አስፋልት ዘግቶ ሲያለቅስ፣ እኛ ሜዳ አለን ብለን የምንኮራበት። አባዬ የዕድሩ ሰብሳቢ ነው። ሊያጥር የመጣውን፣ መኪና ላጥብበት ያለውን፣ ሁሉንም በከዘራው ያባረረ እሱ ነው። ባዶ የሆነው እሱ ስለጠበቀው ነው። ሳተላይቱ ደግሞ ያለፈው ማንም ያልሞተ ቀን ነው፤ ድንኳኑ ተጠቅልሎ መጋዘን ውስጥ ሆኖ።

"እናትሽን የት ነበር የሸኘናት?"

እዚያ ነዋ። እዚያው ሜዳ ላይ ተቀምጬ አልቅሻለሁ።

"የኔም ድንኳን የዘርፌ ድንኳን በተተከለበት ይተከል ብዬ ለሁሉም ተናግሬያለሁ። አንቺ የብረት ምሰሶ ልትተክዪበት..."

ከዚያ ቀስ ብሎ፣ "ሽቦው ሥር ድንኳን አይተከልም?" አለኝ።

አይተከልም። ሰውም አይሰበሰብም። መመሪያውን ካረቀቁት አንዷ እኔ ነኝ። ይሄንን ግን አልነገርኩትም።

ሰኞ፣ ጥቅምት 24

ቁርስ ብቻዬን በላሁ። ወይዘሮ ፀሐይነሽ ሰላም አላሉኝም። ወሬው ደርሷቸዋል ማለት ነው። ስለ መብራት መጠየቅም ትተዋል... እሱስ ጥሩ ነው።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 6

የሕዝብ ውይይት በወረዳው አዳራሽ። ፍትዊ "አንቺ አቅርቢው፣ የሰፈሩ ልጅ ነሽ፣ ይሰሙሻል" ብሎ ማይኩን ሰጥቶኝ ጥግ ይዞ ተቀመጠ።

ሰሙኝ። አንዱ መስመር ሲወድቅ ሌላው ሸክሙን ይይዛል፣ ሁለቱ በተለያየ መንገድ መምጣት አለባቸው... እያልኩ ስንደረደር አባዬ እጁን አወጣ።

"ክብርት ኢንጂነር፣ እርስዎ እዚህ ሰፈር ኖረው ያውቃሉ?"

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ።

"አባ... አቶ ገብረየስ፣ አዎ፣ አውቃለሁ።"

"ታዲያ ባዶ መሬት ያሉት ቦታ ላይ ንፍሮ ቀምሰው አያውቁም?"

ጭብጨባው! እኔም ላጨበጭብለት ምንም አልቀረኝም። እንዲህ ያለ ተናጋሪ እኛ መሥሪያ ቤት የለም። ፍትዊ ከጥጉ መጥቶ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ፣ "አባትሽ ናቸው እንዴ? ቀድመሽ አትነግሪኝም?" አለ።

ማታ ራት አቀረብኩ።

"እርስዎ ይቅደሙ" አለኝ።

የገዛ አባቴ! ከማዕድ ተነስቼ ኩሽና ገባሁ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 11

ፍትዊ መላ አመጣ። ሜዳውን ትተን መስመሩን ወደ ምሥራቅ እንጠፈው አለ። እዚያ ያሉት ቆርቆሮ ቤቶች ካርታችን ላይ "ጊዜያዊ ግንባታ" ተብለዋል። "ዕድርም የላቸው፣ አይጮሁም" አለ። ሕዝቡ በአንዱ አማራጭ ካልተስማማ ግን አንድ ምሰሶ፣ ሁለት መስመር፣ አለቀ። የዛሬ ሳምንት ቅዳሜ ይወሰናል።

እጥፉን ራሴ ሳልኩት። ለአባዬ ይዤለት መጣሁ። ለምን? እዚህ ላይ መዋሸት ምን ያደርግልኛል... እንዲያናግረኝ ነው። የምሥራቅ አዲስ አበባን መስመር ያጠፍኩት አባቴ ስላኮረፈኝ ነው። ሪፖርቱ ላይ "ማኅበራዊ ጉዳይ" ብለነዋል።

ደስ ይለዋል ብዬ ነበር። ካርታውን ገፋ አደረገና፣ "ሄጄ አየዋለሁ" አለ።

"ምስሉ አለ እኮ፣ አባዬ።"

"ምስሉንማ አየሁት። የኛንም ባዶ ይላል።"

ቅዳሜ፣ ኅዳር 13

ጠዋት ከዘራውን ይዞ ወጣ። ከሰዓት በኋላ ጫማው አቧራ ለብሶ ተመለሰ። ተቀመጠ።

"ሰኪና የምትባል ሴት ታውቂያለሽ?"

"አላውቅም።"

"የት ታውቂያታለሽ። ጊዜያዊ ግንባታሽ ውስጥ ነው የምትኖረው። ልጆቿን እዚያ ወልዳ፣ እዚያ አሳድጋ፣ አሁን እናቷን እዚያ ታስታምማለች።"

ደክሞት በሯ ላይ ቢቆም ወንበር አውጥታ ውሃ አጠጣችው። ማን እንደሆነ ሲነግራት ሳቀች አለኝ።

"ሰብሳቢው እርስዎ ነዎት? ልመዝገብ ብዬ ስመጣ 'የኛ ሰፈር ሰው አይደለሽም' ብለው የመለሱኝ?"

እሱ ትዝ እንኳን አይለውም። የከነከነውም እሱ መሰለኝ።

"እኔ ለድንኳኔ ቦታ ስል፣ እሷ ከቤቷ ልትነሳ..." አለና ተወው።

ራት ላይ እንጀራውን ወደኔ ገፋ አድርጎ "ብዪ እንጂ" አለኝ። በላሁ። ሳይርበኝ ደገምኩ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 20

ሁለቱንም አማራጭ ዘርግቼ ቆምኩ፦ አንደኛው ሜዳው፣ ሁለተኛው ቆርቆሮ ቤቶቹ። ወይዘሮ ፀሐይነሽ ገና ሳልጨርስ "ሁለተኛው! ሁለተኛው!" ማለት ጀመሩ። አዳራሹ ተከተላቸው። ሰኪና (አባዬ ነው ያሳየኝ) ከጎረቤቶቿ ጋር ከኋላ በሩ ሥር ቆማለች፤ የሚናገርላቸው የለም።

አባዬ ተነሳ።

"ሜዳውን ይውሰዱት" አለ።

"ምን? የዘርፌን ቦታ?" አሉ ወይዘሮ ፀሐይነሽ።

"ዘርፌ ያለችው ቤተ ክርስቲያን ነው። ሜዳው ላይ የነበርነው እኛ ነን። እኛ ደግሞ ተነስተን ሌላ ቦታ መቀመጥ እንችላለን።"

ማንም አላጨበጨበም። አንዳንዱ እያጉረመረመ ወጣ። አባዬ እነ ሰኪና ዕድር እንዲገቡ ጠየቀ፤ ተንጫጩ፣ ግን እሺ አሉ። ከኛ የፈለገው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ካርታው ላይ "ባዶ" የሚለው እንዲሰረዝ። ፍትዊ ወዲያው ተስማማ። ቃል መሰረዝ በጀት አይጠይቅም።

ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 7

ቀያሾች ሜዳው ላይ ቀይ ችካል ተከሉ። አባዬ ወንበር አውጥቶ ይጠብቀዋል። ኳስ ተጫዋቾቹን "ችካሉን ንኩና ታያላችሁ!" ይላል። አንዱን ችካል ጠማማ ነው ብሎ አስነቅሎ አስተከለው። ቀያሹ አቤቱታ ይዞ እኔ ዘንድ መጣ። ምን ልበለው? ለሜዳው ከሱ ሌላ ዘበኛ የለንም።

ረቡዕ፣ የካቲት 4

የወይዘሮ ፀሐይነሽ ባለቤት አረፉ።

አባዬ ችካሉ መሃል አይተከልም ስላለ ድንኳኑ አስፋልት ላይ ተጣለ፤ እንደማንኛውም ሰፈር። ወደ ኢምፔሪያል የሚሄደው ሚኒባስ ሁሉ ተቀርቅሮ ጡሩምባውን ያንባርቃል። ፍትዊ ከመኪናው ውስጥ ደወለልኝ።

"ምንድን ነው መንገዱን የዘጋው?"

"አማራጭ አንድ" አልኩት።

ሰኪና ንፍሮ ታዞራለች። ወይዘሮ ፀሐይነሽ የሷን እጅ ይዘው ነው የሚያለቅሱት። በኅዳር "ሁለተኛው!" ያሉትን አሁን ማን ያስታውሳቸዋል?

ሰባኪው ስለ ዘላለማዊ ብርሃን እየተናገሩ ሳሉ ማይኩ ጠፋ። መብራት ሄደ። ድንኳኑ በሙሉ ወደኔ ዞረ። ሐዘንተኛዋ ሳይቀሩ!

አባዬ ከዘራውን ተደግፎ ተነሳ።

"እሷን አትዩ። ያለን አንድ መስመር ነው። ሁለተኛው ሲመጣ አንዱ ቢወድቅ ሌላው ይይዛል። ዕድር ማለት ነው።"

ያን ሁሉ ወረቀት ጽፌ እንዲህ አላልኩም።

"መቼ ነው የሚመጣው?" አለ አንዱ።

"ለትንሣኤ" አለ አባዬ፣ ምንም ሳይጠራጠር። ከዚያ ወደኔ አየ።

ገና ጨረታ አልወጣም። ቢፈጥን ቢፈጥን አራት ዓመት...

"በቅርቡ" አልኩ። ፍትዊ ሁልጊዜ የሚላት ቃል! ከኔ አፍ ወጣ።

ማታ ወደ ቤት ስንመለስ በራችን ፊት አስፋልቱ ላይ ቆመ። በከዘራው ከበራችን እስከ መብራት እንጨቱ አሳየኝ።

"የኔን ድንኳን እዚህ ጋ። ከዚህ እስከዚያ ይበቃል።"

"አባዬ!"

"መኪናው በወዲያ ይዙር። ትራፊኩን አንቺ ታናግሪልኛለሽ።"

ገብቶ ተኛ። እኔ ግን በሩን ይዤ ቆሜ ቀረሁ። ከበራችን እስከ እንጨቱ... አይበቃም። አባዬ የሸኘው ሰው ብዙ ነው፣ የነሱ ቤተሰብ ሁሉ ይመጣል። መንገዱ ከዳር እስከ ዳር ነው የሚዘጋው።