ለሰው በር ሲያሳዩ የኖሩት የአክስታችን የሕይወት ታሪክ

በዚህ ቤት ሴት ታማ አልጋ ይዛ አታውቅም። ታሪኩ በዚህ ቃል ይጀመር ብለው ያዘዙት ታላቅ ወንድማቸው ናቸው፤ ታላቅ ካዘዘ ይጻፋል፣ ተጻፈ። አክስታችን ግን ዘጠኝ ወር አልጋ ላይ ተኝተዋል።

የተወለዱት ከግንበኛ አባታቸውና ሽንኩርት ይቸረችሩ ከነበሩት እናታቸው በ1971 ዓ.ም. ነው። ቀኑን እናታቸው «ዝናብ ነበር» ከማለት በቀር አያስታውሱትም ነበር። እስከ አራተኛ ክፍል ተማሩ። ከዚያ ታናናሾቻቸውን የሚጠብቅ ስለጠፋ ደብተራቸው ተሰቀለ። በ1992 ዓ.ም. ከአናጢው ባለቤታቸው ጋር ትዳር መሥርተው ሁለት ሴት ልጆች አፍርተዋል።

በ1994 ዓ.ም. በሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ ክፍል በኮንትራት ተቀጠሩ፤ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉም ኮንትራት እንደሆኑ ቀሩ። አንሶላውንና ጋውኑን ሰብስበው፣ አጥበውና ተኩሰው በየክፍሉ ያደርሱ ነበር። እጃቸው ስለሚሸት ሠፈሩ «በረኪና» ይላቸው ነበር፤ እሳቸውም «ቆሻሻ የሚፈራኝ ለዚህ ነው» እያሉ ይስቁ ነበር።

በሁለተኛው ፎቅ ኮሪደር መጨረሻ አንዲት ሰማያዊ በር ነበረች። «የማህፀን በር ቅድመ ምርመራ» የሚል ወረቀት ተለጠፈባት። አክስታችን በአራተኛ ክፍል ንባባቸው አነበቡትና «የማህፀን በር» የበሯ ስም መሰላቸው። ማን ይፍረድባቸው፤ በር ላይ የተለጠፈ ነገር ስለ በር ካልሆነ ስለ ምን ይሆናል? ስንት ዓመት ሙሉ ግራ የገባትን ሴት ሁሉ «የማህፀን በር ያቺውልሽ እህቴ፣ ሰማያዊዋ» እያሉ አሳዩ። ሴቶቹ ተመርምረው ወጡ። እሳቸው ሴቶቹ ያወለቁትን ጋውን ይዘው ወደ ማጠቢያ ወረዱ።

በ2014 ዓ.ም. ያለጊዜው ደም ይፈሳቸው ጀመር። ያን ጊዜ አንዲት ነርስ ማህፀን ራሱ በር እንዳለው፣ ምርመራውም የእሱ እንደሆነ ነገረቻቸው። «እንግዲያ ይህን ሁሉ ዓመት የሌላ ሴት በረኛ ሆኜ ነው የኖርኩት» አሉ። ምርመራው የሚሰጠው ማክሰኞና ሐሙስ ጠዋት ነበር፤ ልብስ የሚሰበሰበውም ማክሰኞና ሐሙስ ጠዋት። አለቃቸውን ፈቃድ ቢጠይቁ ቅድሚያ ለቋሚ ሠራተኛ ነው፣ ኮንትራት ተራውን ይጠብቅ ተባሉ። የቢሮዎቹ ወይዛዝርት አንዳች ሳያማቸው በስልክ እየተጠሩ ይገቡና ሻይ ሰዓት ሳያልፍባቸው ይመለሱ ነበር። የአክስታችን ተራ በዓመት ከስምንት ወሩ ደረሰ። በሽታው ግን ተራ የሚጠብቅ ጨዋ አልነበረም። ለጨረር ሕክምና ደግሞ የስምንት ወር ቀጠሮ ተሰጣቸው፤ ቀኑ ሲደርስ ማሽኑ ተበላሽቷል፣ ሌላ ጊዜ ኑ ተባሉ።

«ባደረባቸው ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው» ተብሎ እንዲጻፍ የቤተ ዘመዱ ፍላጎት ነበር። የቆዩትስ ቆይተዋል። የረዳቸው ካለ ግን እጁን ያውጣ። የበሽታው ስም ነውር ነው፣ አይጠራም የተባለውም ቀርቷል፤ የማህፀን በር ካንሰር ይባላል። አክስታችን ታኅሣሥ 9 ቀን 2017 ዓ.ም. በአርባ ስድስት ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል።

ባለቤታቸው፣ ሁለት ሴት ልጆቻቸው፣ ወንድሞቻቸውና እህቶቻቸው በሐዘን ቀርተዋል። ፈጣሪ ነፍሳቸውን ተራ ሳያስጠብቅ ይቀበልልን።

ይህን ታሪክ የጻፈችው የእህታቸው ልጅ ናት። ከማረፋቸው ሦስት ቀን በፊት አክስቷ «እስቲ ምን ብለሽ ልትቀብሪኝ ነው?» ብለው ቢጠይቋት ጅምሩን አነበበችላቸው። አለቃውንም ሆስፒታሉንም ልክ ልካቸውን እንደነገረቻቸው፣ ለቀስተኛው ሁሉ ጉድ እንደሚል በኩራት አከለችበት። አክስታችን ዐይናቸውን ሳይገልጡ እንዲህ አሏት፦

«ጎበዝ። የዚህ በሽታ ክትባት ትምህርት ቤት ለልጃገረዶቹ ሲሰጥ አንቺ አቋርጠሽ ቤት ተጎልተሽ ነበር። ወረቀቱን አስቀምጪና ሄደሽ ተከተቢ።»